ዝናብን የሚከፍለው ገደል፣ ዘመንን የሚወስነው ነፋስ

በሰሜን ወሎ ዞን፣ ላሊበላን ከላይ ሆኖ የሚመለከተው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ከዚህ ተራራ ጫፍ ተነስታ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ለምትበር ወፍ የቆቦ ከተማ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቆቦ ከፍታ ግን 1 ሺህ 500 ሜትር አይሞላም። በኅዳር ማለዳ የተራራው እረኛ ባናውን ደርቦ ከጓሳው ላይ ውርጭ ሲያራግፍ፣ የቆቦው አርሶ አደር ላቡን እየጠረገ ማሽላውን ይቆርጣል። አንዱ ገብስ እንጂ ሌላ እህል በማይበቅልበት መሬት ላይ ይኖራል። ሌላው ጤፍና ማሽላ ዘርቶ፣ ውኃ ካገኘ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ዞን፣ ከምድር ወገብም በእኩል ርቀት ላይ ነው። የለያያቸው በመካከላቸው ያለው ገደል ነው።

ይህ ገደል የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። ከሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ተነስቶ በደቡብና በሰሜን ወሎ አልፎ እስከ ትግራይ የሚዘልቅ፣ ደጋውን ከአፋር ቆላ የሚለይ የተፈጥሮ ወሰን ነው። ዝናብ፣ አፈር፣ ወንዝና የከርሰ ምድር ውኃ የሚከፋፈሉት በእርሱ ነው። በላዩ የሚያልፈው ነፋስ፣ ነፋሱን የሚገፋው ሩቅ ባሕርና ገደሉን የሠራው የምድር ውስጥ ሙቀትም አንድ ላይ ሆነው በየዓመቱ የአርሶ አደሩን ጎተራ ይወስናሉ። ነገሩን መረዳት ለሳይንቲስት ብቻ የሚተው አይደለም። የዘር አቅርቦት ለሚያቅድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር የውኃ ባለሙያና በሚያዝያ ምን ልዝራ ብሎ ለሚጨነቅ አርሶ አደርም የዕለት ጉዳይ ነው።

ገደሉ ከየት መጣ?

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቅ ክፍል የተነሳ እጅግ የጋለ ዓለት ወደ ላይ እየገፋ መጣ። በምድር ውስጥ ያለው ዓለት ጠጣር ቢሆንም በከፍተኛ ሙቀት ሲግል በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በዝግታ ይፈስሳል። የጋለው ይነሳል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል። በእሳት ላይ በተጣደ ወጥ ውስጥ ከድስቱ ሥር የሞቀው ወደ ላይ እየመጣ፣ ከላይ የቀዘቀዘው ወደ ታች እንደሚመለስ ማለት ነው።

ይህ የሙቀት ጅረት የአገራችንን ምድር ወደ ላይ አነሳው። መሬቱ ተሰነጣጥቆም በየስንጥቁ የወጣው ቅልጥ ዓለት እየተደራረበ ረጋ። የቅልጥ ዓለቱ ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው። ዛሬ በሰሜን ተራሮች፣ በላስታና በጎጃም ደጋዎች ገደል ላይ እንደ ደረጃ ተደርበው የሚታዩት ጥቋቁር ዓለቶች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በደጋና በወይና ደጋ ሜዳዎች የሚገኘው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውና በክረምት ውኃ የሚቋጥረው ዋልካ አፈርም በአብዛኛው የዚሁ ዓለት ልጅ ነው።

ምድሪቱ ከፍ ብላ አልቀረችም፤ ተሰነጠቀች። አፋር ላይ ሦስት የምድር ቅርፊት ቁራጮች ይገናኛሉ፤ የኑቢያ፣ የሶማሌና የዓረቢያ ይባላሉ። ሦስቱም ቀስ በቀስ እየተራራቁ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መራራቁ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ጥፍር በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። ነገር ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲደመር መካከሉ ሰምጦ ሸለቆ፣ ዳሩ ደግሞ ገደል ሆነ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የደናክል ረባዳና ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን በአንድ አገር ውስጥ የተገኙት በዚህ ሂደት ነው።

ሂደቱ ዛሬም አልቆመም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ክልል ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአካባቢው ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ውኃ የሚለያይበት ጫፍ

በደሴ ዙሪያ ባሉ ከፍታዎች ላይ የሚዘንብ ዝናብ ዕጣው የሚወሰነው በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ነው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለ መሬት ላይ ያረፈው ጠብታ በበሽሎ በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ላይ ያረፈው ግን ቦርከናን ይዞ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። በላስታም እንዲሁ ነው። በአንድ ወገን የወረደው ተከዜን ሲመግብ፣ በሌላው ወገን የወረደው እንደ ጎሊና ባሉ ወንዞች ራያ ቆቦን አቋርጦ ወደ አፋር ይወርዳል።

ከፍታው ሙቀትንም ይከፍላል። በአማካይ 1 ሺህ ሜትር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በአቡነ ዮሴፍ ጫፍና በቆቦ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 18 ዲግሪ ይጠጋል። አባቶች በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው። ባለሙያዎችም በከፍታ ለክተው ቆላን ከ500 እስከ 1 ሺህ 500፣ ወይና ደጋን እስከ 2 ሺህ 300፣ ደጋን እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር አድርገው ይጠቀሙበታል። ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ሲሆን ጅብራ፣ ጓሳ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት ነው።

ለወረዳ አመራር ትምህርቱ ግልጽ ነው። በምሥራቁ ገደል ላይ ያለ አንድ ወረዳ ከውርጭ እስከ ቆላ ሊይዝ ይችላል። ለወረዳው በሙሉ አንድ የዘር ዓይነትና አንድ የመዝሪያ ቀን የያዘ ዕቅድ ለአንዱ ቀበሌ ሲስማማ ለሌላው ኪሳራ ነው። ዕቅዱ ከአስተዳደር ወሰን ይልቅ የከፍታውን ወሰን ቢከተል ይመረጣል።

ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ

ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሶች የሚገናኙበት ቀጣና በምድር ወገብ ዙሪያ አለ። ፀሐይን እየተከተለ ይወጣል፤ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ ኢትዮጵያን ሲሸፍን ክረምት ይሆናል፤ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ ዝናቡ ይወጣል። ቀጣናው ሲመጣ መጀመሪያ፣ ሲመለስም መጨረሻ የሚያልፈው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ አዊና ምዕራብ ጎጃም ረዥም ክረምት ሲያገኙ፣ ዋግ ኽምራና የራያ ቆላ የሚያገኙት አጭር ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ዝናቡ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ገብቶ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢወጣ፣ ለሰብሉ የሚተርፈው ጊዜ ከማሽላው ዕድሜ ያንሳል።

የክረምቱ እርጥበት የሚመጣው ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። እርጥቡ ነፋስ ደጋው ላይ ሲደርስ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ያዘንባል። ጫፉን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ግን ተመልሶ ይሞቃል፤ እርጥበቱም ይቀንሳል። ከገደሉ ግርጌ ቆሞ ተራራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዩ በራስ ማሳ ላይ ጠብታ ማጣት ለራያና ለቃሉ አርሶ አደር እንግዳ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

በበልግ ደግሞ ተራው የምሥራቁ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር የሚነሳው እርጥብ ነፋስ የሚጋጨው በምሥራቁ የገደል ፊት ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ በልግ አምራች አካባቢዎች ያሏቸው፣ ጎጃም ግን በአመዛኙ በአንድ ክረምት የሚያመርተው ለዚህ ነው። በልግ ለገደሉ ነዋሪ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። በደጋው ገብስ ያበቅላል፤ በቆላው ደግሞ ረዥም ዕድሜ ላለው ማሽላ መሬቱን ያርሳል፣ ያስዘራል።

ከሩቅ ባሕር የሚነሳ ድርቅ

በሰላማዊ ውቅያኖስ በመደበኛው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን የባሕር ውኃ ወደ እስያ በኩል ይገፋል። ነፋሱ ሲደክም ሞቃቱ ውኃ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይመለሳል። ኤልኒኖ የሚባለው ይህ ነው። የውኃው ሙቀት ቦታ ሲቀይር ከላዩ የሚነሳው አየርም ቦታውን ይቀይራል። በዚህ ምክንያት በኢትዮጵያ ላይ በከፍታ የሚያልፈው የምሥራቅ ፈጣን ነፋስ ይደክማል፣ ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ገጽታዎችም ይዳከማሉ። ውጤቱ በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ክረምቱ መሳሳቱ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነበር። መጀመሪያ በልጉ ከሸፈ፤ ቀጥሎ ክረምቱ በኤልኒኖ ተመታ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። በሁለት ዝናብ የሚኖረው የምሥራቁ ገደል ሁለቱንም በአንድ ዓመት በማጣቱ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ሆነ።

ተቃራኒው ላኒና ሲሆን፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው በላይ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ላኒና በአብዛኛው ለሰሜኑ ክረምት መልካም ነው፤ በዋልካ አፈር ላይ ግን ማሳውን ውኃ ሊያስተኛበት ስለሚችል ማጠንፈፍ ይፈልጋል። ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ አርብቶ አደር ግን የድርቅ ምልክት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉት ላኒና ለሦስት ዓመት በቆየበት ጊዜ ነው። አንዱ ባሕር ለአንዱ አካባቢ ሲያበላ ሌላውን ያስርባል ማለት ነው።

ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሁለት አውሎ ነፋሶች ከዓረቢያ ባሕር ተነስተው በዓረቢያ በረሃ ላይ ዝናብ አፈሰሱ። እርጥብ አሸዋ ያገኘው የበረሃ አንበጣ ተራብቶ የመን ደረሰ፤ ከዚያም ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። መንጋው ነፋስን ተከትሎ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በራያ ቆቦና በአጎራባች ወረዳዎች የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ያረፈው መንጋ የተነሳው ከዚያ ከሩቅ ዝናብ ነው።

በሚያዝያ የሚወሰን

ይህ ሁሉ ተደምሮ በገደሉ ግርጌ ያለ አርሶ አደር ፊት አንድ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል። በሚያዝያ ረዥም ዕድሜ ያለውን የአካባቢ ማሽላ ልዝራ ወይስ ልጠብቅ? ረዥሙ ማሽላ ብዙ እህልና ለከብት የሚበቃ አገዳ ይሰጣል። ግን እስከ ኅዳር ድረስ በማሳ ላይ ይቆያል፤ ክረምቱ ቀድሞ ከወጣም እሸት ሳይቋጥር ይደርቃል። አጭሩ በሰኔ መጨረሻ ተዘርቶ ከዝናቡ ጋር ይደርሳል፤ የአገዳው መጠን ግን ያንሳል። አጭሩን የመረጠ አርሶ አደር እህሉን አስተማምኖ የመኖውን ችግር ይወርሳል። ስለዚህ የዘር ምክር ያለ መኖ ምክር ጎዶሎ ነው።

በዚህ ረገድ የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው አማራጮች አሉ። ጊራና 1 እና መልካም ቶሎ ከሚደርሱት የማሽላ ዝርያዎች መካከል ናቸው። ጎቢዬና አብሽር ደግሞ አቀንጭራ አረምን በመቋቋም ይታወቃሉ። ማሽላው ካመለጠ በሐምሌ ጤፍ፣ ሲዘገይም ማሾ መዝራት ይቻላል፤ ዋልካ ባለበት ደግሞ በመስከረም በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ትልሙን በየተወሰነ ርቀት እየገደቡ ውኃ እንዲቋጥር ማድረግም ያለ ተጨማሪ ዝናብ እርጥበትን የሚያቆይ ዘዴ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግና ከክረምት በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ተብሎ በመቶኛ የሚቀርብ ዕድል እንጂ ቁርጥ ያለ ቃል አይደለም። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ሲባል ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም። ከአሥር ተመሳሳይ ዓመታት በአራቱ ወይም በአምስቱ ዝናቡ ያንሳል ማለት ነው። ይህን በሚገባ ያልተረዳ ባለሙያ ቁጥሩን «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ብሎ ወደ ቀበሌ ሊያወርደው ይችላል። ዝናቡ የመጣ ዕለትም አርሶ አደሩ በትንበያው ላይ እምነት ያጣል። ዕድሉን እንደ ዕድል መንገርና መሬትን ከፋፍሎ ከፊሉን በረዥሙ፣ ከፊሉን በአጭሩ ማሽላ ማልማት ሁለቱንም ዓይነት ዓመት ያሻግራል።

ዋናው ማነቆ ግን ጊዜ ነው። የክረምቱ ትንበያ በግንቦት መጨረሻ ሲሰማ የአጭር ጊዜ ዘር በወረዳው መጋዘን ካልተቀመጠ ትንበያው ለሪፖርት እንጂ ለማሳ አይጠቅምም። የመጠባበቂያ ዘሩ መያዝ ያለበት በልጉ ገና ሳይታወቅ፣ በጥር ነው።

ከመሬት በታች ያለው ጎተራ

ምድርን የሰነጠቀው ኃይል መከራ ብቻ አላመጣም። በገደሉና በምሥራቅ በኩል ባሉት የዞብል ተራሮች መካከል ያለው የቆቦ ሜዳ የሰመጠ መሬት ነው። ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከደጋው ያወረደው አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ሞልቶታል። በዚህ ሙሌት ውስጥ ከተራራው የሰረገ ውኃ ተጠራቅሟል። በጥልቅ ጉድጓድ፣ በጠብታና በርጭት መስኖ የሚለማው የቆቦ ጊራና ሸለቆ የቆመው በዚህ ጎተራ ላይ ነው። ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት የጎርፍ ጠለፋ መስኖም ከደጋው የሚወርደውን ውኃና ደለል ወደ ማሳ የሚመልስ ጥበብ ነው።

ጎተራ ግን ካልተሞላ ያልቃል። ቁልፉ ያለው ደግሞ ከላይ፣ በደጋው ተዳፋት ላይ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። እርከንና ዛፍ ያለበት ተዳፋት ከዚህ ጥቂት የማይባለውን ወደ ምድር ያሰርጋል። የተራቆተው ግን በሰዓታት ውስጥ ጎርፍ አድርጎ ይሰደዋል። ከላይ ያለው ቀበሌ በተፋሰስ ሥራ ያፈሰሰው ጉልበት ጥቅሙን የሚያየው ከታች ያለው ቀበሌ ነው። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ወረዳ በአንድ ተፋሰስ አብረው ካላቀዱ፣ አንዱ እርከን ሲሠራ ሌላው ጉድጓድ ሲቆፍር ሒሳቡ አይገናኝም። በየጉድጓዱ የውኃውን ጥልቀት በየወሩ ለክቶ መመዝገብ ደግሞ ጎተራው እየሞላ ይሁን እየጎደለ የሚያሳይ ርካሽ መንገድ ነው።

ስንጥቁ የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ ውኃ ከጋለ ዓለት ጋር ስለሚገናኝ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህም ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። አዲስ ጉድጓድ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት ውኃውን ማስመርመር ግድ ነው።

በጫፍ ላይ ለሚኖር

ገደሉ አሁንም ይንቀሳቀሳል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ወረዳ፣ በደብረ ሲና አቅራቢያ ተዳፋቱ ተንሸራትቶ አርሶ አደሮችን ከነማሳቸው አፈናቅሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፣ ዛፍና የስልክ ምሰሶ ያዘነብላል፣ ምንጭ ድንገት ይደርቃል ወይም አዲስ ቦታ ይፈልቃል። እነዚህን ያየ አርሶ አደር ለቀበሌው ፈጥኖ ማሳወቅ፣ ቀበሌውም ክረምቱ ሳይበረታ ሰውን ማንሳት አለበት። ናዳ ወዳረፈበት ቦታ ለነፍስ አድን በሩጫ መሄድም አደጋ አለው። በጎፋ ብዙዎች የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ደርሶባቸው ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የእህል መጋዘን ሲሠራም ቦታው ከተዳፋት ግርጌና ከሚታወቅ የስንጥቅ መስመር መራቁን ማረጋገጥ ከግንባታው ጥራት ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ነፋሱን ማዘዝ፣ የባሕሩን ሙቀት መቀነስ ወይም የምድርን መሰንጠቅ ማስቆም የሚችል ወረዳ የለም። በጥር ዘር መያዝ፣ በበጋ ተዳፋቱን መከለል፣ በየወሩ ጉድጓዱን መለካትና በክረምት መግቢያ ገደሉን መቃኘት ግን በየትኛውም ወረዳ እጅ ላይ ያለ ሥራ ነው። የአቡነ ዮሴፍ እረኛና የቆቦው ማሽላ አምራች በ50 ኪሎ ሜትር ቢለያዩም የሚጠብቁት አንድ ደመና፣ የሚካፈሉትም አንድ ውኃ ነው።